ባዶ ወንበር የምቆጥርበት ዘመን

የአንድ ዩኒቨርሲቲን የተማሪዎች ሥነ ምግባርና የክፍል መገኘት ደንብ ከሽፋን እስከ ሽፋን በማጉያ መነፅር ያነበበ ሰው ከእኔ ሌላ በሲያትል ካለ ይምጣ፣ ሻይ እኔ እጋብዘዋለሁ። የልጅ ልጄ ሳሮን አላነበበችውም። «አንብቤ ተስማምቻለሁ» የምትለዋን ሳጥን በአውራ ጣቷ ነክታ አለፈች፤ ጓደኞቿም እንደዚያው፤ የጻፉት ሰዎችም ያነበቡት አይመስለኝም። እኔ ግን ቡሪየን ቤተ መጻሕፍት ሄጄ በወረቀት አስወጣሁት። ወረቀቱን የሰጠችኝ ልጅ «ለትምህርት ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። «አዎ፣ ዘንድሮ ልመዘገብ ነው» አልኳት። መልካም ዕድል ተመኘችልኝ፤ ጥርሴ ስንት እንደቀረ ያየች አልመሰለኝም። ሦስት ቀን ፈጀብኝ። ስጨርስ ተነስቼ የቀሩትን ጥርሶቼን አጠብኳቸው። እውነቴን ነው፣ አፌን እስኪመረኝ ድረስ ነው ያቅለሸለሸኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሳሮን ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ሲኒማ ቤት በሚያክል አዳራሽ የምትማረው አንድ ኮርስ አላት። አስተማሪው ስክሪኑ ላይ ባለ አራት አኃዝ ቁጥር ያወጣል፤ ተማሪው ያንን ስልኩ ላይ ሲጽፍ ተገኝቷል ይባላል። አዳራሹ ውስጥ የሌለ ሰው ቁጥሩን ስለማያየው ቀሪ ነው። የተማሩ ሰዎች ተሰብስበው ያመጡት ብልሃት ይኸው ነው። ሳሮን ታዲያ ቁጥሩን ፎቶ አንስታ ለአንድ ሰው ላከች። የመጨረሻው ረድፍ ላይ የተቀመጠ የአስተማሪው ረዳት በትከሻዋ ላይ አሻግሮ አይቶ ስሟን መዘገበ። ለማን እንደላከች ግን አላየም።

ደብዳቤው በኢሜይል መጣ። «ተከሰሻል» አይልም። «ወደ አንድ የዕድገት ውይይት ተጋብዘሻል» ነው የሚለው። ዳኛ የለም፣ «አወያይ» አለች። ቅጣት የለም፣ «ውጤት» አለ። ውስጡ ሲገለጥ ግን ለማን እንደላከች ከተናገረች በምክር ትታለፋለች፤ ካልተናገረች ኮርሱ ይሰረዝባታል፣ ፋይሏም ላይ ይጻፋል። ይህ ማለት ከልጅነቷ ስትመኘው የኖረችው የነርሲንግ ማመልከቻ ለአንድ ዓመት ይተኛል ማለት ነው። ይህን ሁሉ «ማኅበረሰባችን» እና «አብሮነት» በሚሉ ቃላት ጠቅልለው ነው የላኩላት። መራራ ክኒን በማር ለውሶ የሚሰጥ ሐኪም ይገባኛል፤ ማሩን አሳይቶ ክኒን የለም የሚለኝን ግን አልወደውም።

የተላከላት ክሳነት ናት። ወላጆቿ የአስመራ ሰዎች ናቸው፤ እሷ ግን ጎፋ ሰፈር አድጋ በዲቪ የመጣች ልጅ ናት። ኦበርን አንድ ዌርሃውስ ውስጥ ካርቶን ስትደረድር ታድራለች፤ ሽፍቷ የሚያልቀው ክፍሉ ሊጀመር ሩብ ሰዓት ሲቀረው ነው። ከኦበርን ዩኒቨርሲቲው ድረስ በሩብ ሰዓት የሚያደርስ መኪና ገና አልተሠራም። በዚሁ ምክንያት አንድ ማስጠንቀቂያ ቀድሞ ደርሷታል፤ ሁለተኛው ከትምህርት ቤቱ ያስወጣታል። አንድ እሑድ ከሳሮን ጋር ለማጥናት እኔ ቤት መጥታ ነበር። «አባባ፣ እንደምን አሉ? ጉልበትዎ ተሻለዎት?» ብላ ጉንጬን ሳመችኝ፣ ሶፋው ላይ ተቀመጠች፣ መጽሐፏን ገለጠች፣ ከዚያ ያንን የሚያብረቀርቅ ብርቱካናማ ሰደርያዋን እንኳ ሳታወልቅ ቁጭ እንዳለች ተኛች። ጭንቅላቷ አልወደቀም፣ እስክሪብቶውም ከእጇ አልወደቀም። ተቀምጦ መተኛት የለመደ ሰው አተኛኘት ነው። ሳሮን «ዶንት፣ አባባ» ብላ እንዳልቀሰቅሳት በዓይኗ ተቆጣችኝ።

ልጄ ሰብለ፣ የሳሮን እናት፣ ሬድመንድ ኮምፒዩተር ፊት ተቀምጣ የምትውለዋ፣ ኮል አደረገችልኝና ጉዳዩን በሁለት ደቂቃ ቆረጠችው። «አባዬ፣ ሐሙስ አብረሃት ግባ። እኔ ሚቲንግ አለብኝ። አንድ ደጋፊ ሰው ይፈቀዳል ይላል። ስሟን ትንገርና ትውጣ፣ ኦኬ? አንተን ትሰማሃለች። ደግሞ አንተ ይህን ነገር ታውቀዋለህ።»

አውቀዋለሁ። ከማወቅም አልፎ በልቼበታለሁ። የተማርኩበትን ኮሌጅ ስም አልጠራም፤ ዓመቱንም ተዉት። ሱሪ ወደ ታች የሚሰፋበት፣ ፀጉር ወደ ላይ የሚከመርበት ዘመን ነበር ልበላችሁ። ከግቢው በር ትይዩ አንድ ልብስ ሰፊ ነበሩ፤ ቤልቦተም ሲለኩ ጫማችንን አስወልቀው መሬት ላይ ያስቀምጡና የሱሪውን እግር ይጥሉበታል። ጫማው ሙሉ በሙሉ ከተሸፈነ «አሁን ገና ኮሌጅ ገባህ» ይሉናል። ከሳቸው ሱቅ ጎን ሙዚቃ ቤት ነበር፤ ሸክላ የመግዛት አቅም ያልነበረን በሩ ላይ ቆመን ሳክስፎኑን በነፃ እንሰማለን፣ ባለቤቱ ሲወጣ የጫማ ክር እንደሚያስር ሰው እናጎነብሳለን። ሻይ አምስት ሳንቲም፣ ቦምቦሊኖ አሥር ሳንቲም። እኔ በአፍሮዬ ቁመቴ አንድ ሜትር ከሰማንያ ነበር። ያለ አፍሮዬ ስንት እንደነበርኩ አሁን የሚያየኝ ሰው ይገምት።

ስንመዘገብ ኪስ የምትገባ አረንጓዴ ደብተር ይሰጡን ነበር። ተማሪ በነጠላ ጫማ ምግብ አዳራሽ አይገባም። ተማሪ አንድ እግሩን ግድግዳ ላይ ሰቅሎ አይቆምም። ተማሪ ከዲን ጋር ሲነጋገር እጁን ከኪሱ ያወጣል። የተማሪ ፀጉር የሸሚዙን ኮሌታ አይነካም፤ እዚህ ላይ አፍሮ የሚያድገው ወደ ላይ ስለሆነ ኮሌታ አይነካም ብለን ተሟግተን ረትተናል። በሕይወቴ የረታሁት ብቸኛ ሙግት እሱ ነው። ከአንድ ኮርስ አራት ጊዜ የቀረ ይባረራል። በቃ፣ ይባረራል፤ ውይይት የለ፣ ግብዣ የለ። የሞተ ሕግ ለማቆንጀት አይደለም፤ ደብተሯ አረመኔ ነበረች። ግን እየሳመች አልነበረም የምታንቀው።

መቅረት የሚታወቀው በወንበር ነበር። በትልቁ አዳራሽ እያንዳንዱ ወንበር ጀርባው ላይ በነጭ ቀለም ቁጥር ተጽፎበታል፤ እያንዳንዱ ተማሪ የራሱ ቁጥር አለው። ሬጅስትራሩ ከድሀ ተማሪዎች መካከል ወንበር ቆጣሪ ይቀጥራል። ቆጣሪው ከኋላ ቆሞ፣ ሣጥን ሣጥን የተሰመረበት ወረቀት ይዞ፣ ባዶ ወንበር ባየ ቁጥር ሣጥኑ ላይ መስቀል ያደርጋል። ስም አያውቅም፣ ፊት አያይም፤ የሚያየው ማጅራት ብቻ ነው። እኔ ተቀጠርኩ። እጅጌው ጥፍሬን የሚሸፍን ካኪ ኮት ሰጡኝ፤ እኔ ግን የማዕረግ ልብስ የለበስኩ መስሎኝ ዶርም ውስጥም አላወልቀው አልኩ። ያ ሳሮንን በትከሻዋ ላይ አሻግሮ ያየ ረዳት፣ እግዜር ይይለት፣ የእኔ ቢጤ ነው። የመጨረሻው ረድፍ ላይ የሚበቅል ዘር አለ።

በሁለት ሳምንት ተበላሸሁ። «ወንድሜ፣ ዐርባ አንድ ቁጥር ሐሙስ ትንሽ ያመዋል» ይለኛል አንዱ፤ ሻይ ይጋብዘኛል፣ ዐርባ አንድ ሐሙስ ጤነኛ ሆኖ ይውላል። ሌላዋ ቦምቦሊኖ ትይዛለች። ከወሩ ማለቂያ በፊት አዳራሹ ግማሹ ባዶ፣ ወረቀቴ ግን ሙሉ ሆነ፤ እኔም ካኪው ጠበበኝ። ሃምሳ ሁለት ቁጥር የታዬ ነበር። ታዬ ዶርም ውስጥ ከእኔ አልጋ በላይ የሚተኛ፣ ጥፍሩ ሥር ሁልጊዜ የማተሚያ ቤት ቀለም ያለበት ልጅ ነው። ጠዋት ጠዋት ማተሚያ ቤት ፊደል ይለቅማል፤ በዚያ እናቱንና ሁለት እህቶቹን ያኖራል። ክፍል የመጣው ከስንት አንድ ቀን ነው፤ ፈተና ላይ ግን ሁላችንንም ይበልጠን ነበር። ከሱ ሻይ አልተቀበልኩም። ደግ ሆኜ እንዳይመስላችሁ፤ የሱን ነጭ ሸሚዝ እኔ እለብሳለሁ፣ የእኔን ቤልቦተም እሱ ይለብሳል፣ ሒሳባችን በዚያ አልቋል።

አሁን ወደ ጅልነቴ ልምጣ። ያንን ኮርስ እኔም እማረው ነበር፤ ወንበሬ ስድሳ ሦስት ቁጥር ነው። ስቆጥር የምቆመው ከኋላ ስለሆነ ስድሳ ሦስት ባዶ ነው። እጄ ታዲያ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? የሌላውን ሁሉ ባዶ ወንበር ሞልቶ ሲያበቃ ስድሳ ሦስት ላይ መስቀሉን አስቀመጠ። በየክፍለ ጊዜው፣ በየሳምንቱ። ምናልባት ስለ ሰው ሁሉ እየዋሸሁ ስለ ራሴ ሐቀኛ መሆን አለብኝ ብዬ ይሆናል፤ ምናልባትም ደነዝ ስለነበርኩ ነው። ወረቀቶቹ የሚታዩት በዓመቱ መጨረሻ ነበርና፣ ያኔ ዲኑ ቢሮው አስጠርቶኝ እንደ ካርታ ጨዋታ ዘረጋቸው። «ሁለት መቶ ሰው በሚማርበት ክፍል ዓመቱን ሙሉ የቀረኸው አንተ ብቻ ነህ» አለኝ። «ፊርማውም የራስህ ነው።»

ቤተሰቡ የሚያውቀው እስከዚህ ነው። ሰብለ ከሕፃንነቷ ጀምሮ እንግዳ በመጣ ቁጥር «አባዬ፣ ራስህን ቀሪ ያልክበትን ንገራቸው» ትለኛለች፤ እነግራለሁ፣ ቤቱ በሳቅ ይሞላል። «ከዚያስ?» የሚል ካለ «ከዚያማ መክረው ለቀቁኝ» እላለሁ።

ሐሙስ ከሳሮን ጋር አንድ ኮሪደር ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠን ተራ እንጠብቃለን። ፊት ለፊታችን ግድግዳው ላይ የሚስቁ ተማሪዎች ፎቶ ተለጥፏል፤ ምን እንዳሳቃቸው አይገልጽም። ሳሮን የአውራ ጣቷን ጥፍር ትበላለች። ጭንቀቷን ላስረሳት ብዬ ያንኑ የስድሳ ሦስት ቁጥርን ወሬ ጀመርኩላት። አልሳቀችም።

«አባባ» አለችኝ፣ «ሶ ሌሎቹ ሁሉ ፕረዘንት ሆነው አንተ ብቻ አብሰንት ከሆንክ፣ ዲኑ እንደዋሸህ አወቀ። ራይት?»

«አወቀ።»

«ታዲያ ሌሎቹ እነማን ናቸው አላለህም?»

ይህን ያህል ዘመን ሳወራው ያንን ጥያቄ የጠየቀኝ የለም። ስቄ ላልፈው አፌን ከፈትኩ፤ ግን ሳሮን ዓይኗን ከእኔ ላይ አልነቀለችም። ነገርኳት። ዲኑ አልጮኸብኝም፤ ሻይ አስመጣልኝ፣ በሎሚ። «ስም አትጥራ፣ ልጄ» አለኝ። «ስም መጥራት ለጓደኛ ይከብዳል። የወንበር ቁጥር ብቻ ጥራልኝ፣ አንተም ትምህርትህን ትቀጥላለህ።» ጠራሁለት። ዘጠኝ ወንበር። የታዬን ሃምሳ ሁለትን ስምንተኛ ላይ አስገባኋት፤ እዚያ ብትሆን ብዙ አትታይም ብዬ። ከዚያ ሻዬን ጨረስኩ። እስካሁን ሳስበው የሚቀፈኝ መናገሬ ብቻ አይደለም፤ ሻዩ ጥሞኝ ነበር። በሳምንቱ ታዬ ፍራሹን ጠቅልሎ ተሸክሞ በግቢው በር ወጣ። የዚያን ቀን እኔ ዶርም አልነበርኩም፤ እንዳልኖር አድርጌ ነበር። ቤልቦተሜን ግን አጥቦ፣ ተኩሶ፣ በጋዜጣ ጠቅልሎ ለዘበኛው ትቶልኝ ሄደ። ወረቀት አልነበረበትም፣ ስድብ አልነበረበትም። የካውያው መስመር ቢላ ይመስል ነበር። ሱሪውን ደግሜ አልለበስኩትም፤ ዲግሪውን ግን ለበስኩት፣ ካባውም አማረብኝ።

«ሶ፣ ታዬ አሁን የት ነው?»

«አላውቅም።»

«አልፈለግከውም?»

«አልፈለግኩትም።»

«ዛትስ ግሮስ፣ አባባ።»

ቃሉን አውቀዋለሁ። ማቀዝቀዣ ውስጥ የከረመ ወጥ ከፍታ ስታሸት የምትለው ቃል ነው። ልክ ብላለች። ይህን ሁሉ ከተናዘዝኩ በኋላ ደግሞ ምን አልኳት መሰላችሁ? «ቢሆንም ስሟን ንገሪያቸውና እንሂድ፣ የኔ ቆንጆ። እናትሽም ያለችው ይህንኑ ነው» አልኳት። አያችሁ፣ አንዴ የለመደ ምላስ ነው። ስሟ ተጠራና ተነሳች፤ ተከትያት ገባሁ።

አወያይዋ ድምፅዋ እንደ ጥጥ የለሰለሰ ሴት ናት። ጠረጴዛዋ ላይ የውሻዋ ፎቶና በብርጭቆ ሳህን የተሞላ ከረሜላ አለ። ደጋፊው ሰው መቀመጥ እንጂ መናገር እንደማይችል በትሕትና አስረዳችኝ። ሠላሳ አንደኛው ገጽ ላይ ነው፤ አንብቤዋለሁ። ከዚያ ሳሮንን ከረሜላ ጋበዘቻትና «ስም መስጠት መክሰስ አይደለም» አለቻት። «ጓደኛሽ የሚያስፈልጋትን እርዳታ እንድታገኝ በር መክፈት ነው።» ያ ዲን ነው፤ ቀሚስ ለብሶ፣ ሻዩን በከረሜላ ለውጦ መጥቷል።

ሳሮን ከረሜላውን አልነካችም። «ስልኩ የእኔ ነው። የላኩትም እኔ ነኝ» አለች። «ከዚህ ሌላ የምናገረው የለኝም።»

«ጊዜ ውሰጂ።»

«አያስፈልገኝም።»

ሴትዮዋ ተነፈሰችና ወደ እኔ ዞረች። «ምናልባት አያትሽ ሊረዱሽ ይችሉ ይሆናል። ዛሬ እንዲናገሩ እፈቅድልዎታለሁ። ለማን እንደላከች ያውቃሉ?»

«ኖ ኢንግሊሽ» አልኩ።

ሃያ ሁለት ዓመት ኤርፖርት ፓርኪንግ ቲኬት ቤት ውስጥ ተቀምጬ፣ ከመላው ዓለም ከመጣ ሹፌር ጋር በእንግሊዝኛ ስሰዳደብ የኖርኩ ሰውዬ ነኝ። ሳሮን ኮርኒሱን አየች። እኔ በብልሃቴ ኮርቼ ሳልጨርስ ሴትዮዋ ፊቷ በራ። በቋንቋዬ መገልገል መብቴ እንደሆነ ነገረችኝ፣ ስልክ ደወለች፣ ስፒከሩን ከፈተች፤ ከሁለት ደቂቃ በኋላ ከማላውቀው ከተማ የአገሬ ሰው ድምፅ መጣ። ከኋላው ሕፃን ልጅ ይስቃል።

«እንደምን ዋሉ፣ አባቴ? የአማርኛ አስተርጓሚ ነኝ። የልጅ ልጅዎ ቁጥሩን ለማን እንደላከች ያውቃሉ ወይ? ይላሉ።»

በእንግሊዝኛ ጅል መስሎ ማምለጥ ቀላል ነው፤ ለምጄዋለሁ። በአማርኛ ሲጠይቁኝ ግን የምደበቅበት ጠፋኝ። «አላውቅም» ብል ባለቀ ነበር። አንዲት ቃል ናት። ደግሞ የክሳነትን ስም ብናገር ሳሮን ኮርሷን ይዛ ትወጣለች፤ እሷ አልተናገረች፣ የተናገርኩት እኔ፣ ከጓደኛዋም አትጣላ። ይህ ሐሳብ በአእምሮዬ አለፈ። አለፈ ብቻ አይደለም፣ ቁጭ ብሎ እግሩን አጣመረ። ተጸየፍኩት፤ መኖሪያው ግን እኔ ውስጥ ነው።

«አውቃለሁ» አልኩ።

ሳሮን ዞር ብላ አየችኝ። እንዲህ ፈርታ አይቻት አላውቅም።

«አውቃለሁ፣ አልናገርም። እንዲሁ በልልኝ። እንዳታለሰልሰው።»

ሰውየው ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አባቴ፣ ይቅርታዎን… ልጅቷ ላይ እንዳይከብድባት ብዬ ነው። ልክ እንዳሉት ልበል?»

«ልክ እንዳልኩት።»

ሰውየውም እንዲሁ አለው። ንጹሕ እንግሊዝኛ ነበር፤ እኔ እንኳ ከዚያ የተሻለ አልለውም። ሴትዮዋ ጻፈች፣ ጻፈች፣ ከዚያ ስለ ቅንነታችን አመሰገነችን። ስንወጣ የከረሜላውን ሳህን ወደ እኔ ገፋችው። «ኖ፣ ታንክ ዩ» አልኳት።

የሳሮን ኮርስ በማግሥቱ ተሰረዘ። ማመልከቻዋ ለሚቀጥለው ዓመት ተላለፈ። ጀግና ሆና ወጣች ብዬ አላጣፍጥላችሁም፤ መኪና ውስጥ እስከ ቡሪየን ድረስ አለቀሰች። ላጽናናት ስል «ፕሊስ፣ አባባ፣ አሁን አታውራ» አለችኝ፤ አላወራሁም፤ ይህ በራሱ ታሪክ ነው። ማታ ሰብለ ደውላ «የልጄን አንድ ዓመት በላህባት! አንተ ደግሞ ምን ቤት ነህ አውቃለሁ የምትለው?» አለችኝ። ሦስት ሳምንት ሆናት፤ ስደውል አታነሳም። ልክ ናት፤ እናት ናት። ክሳነት ይህን ሁሉ አታውቅም። አሁንም እንቅልፏን ተሸክማ ወደ ክፍል ትሮጣለች። ክሳነት ደግሞ እውነተኛ ስሟ አይደለም፤ ኦበርንም፣ ዲቪውም፣ ጎፋውም እንደዚያው። ለመፈለግ አትልፉ።

ባለፈው ሰኞ ለእኔም ደብዳቤ መጣልኝ። «ውድ ደጋፊ ሰው» ይላል። የዕድገት ውይይቱን ዓላማ ስላደናቀፍኩ ከእንግዲህ በዚያ ዩኒቨርሲቲ የማንም ተማሪ ደጋፊ ሆኜ መቀመጥ አልችልም፤ ደብዳቤውም እንደ ማስጠንቀቂያ ይቆጠርልኛል። ቁጭ ብዬ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በሰባ ስድስት ዓመቴ ከትምህርት ቤት የደረሰኝ የመጀመሪያው ማስጠንቀቂያ ነው። ያኔ ዲኑ እንደኔ የተናገረለትን ሰው በር ድረስ ሸኝቶ፣ ጨብጦ ነበር የሚያሰናብተው።